እቴጌ ጣይቱ ብጡል

እቴጌ ጣይቱ ብጡል (የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፤ ያረፉት የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.) የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለቤትና ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ እቴጌ ነበሩ። በታሪክ ይበልጥ የሚታወቁት የውጫሌን ውል በመቃወማቸው፣ በዓድዋ ዘመቻ በመሳተፋቸውና አዲስ አበባን በመቆርቆራቸው ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ቤት በማሠራትና ቤት ቋሚ ገቢ እንዲያስገኝ በማድረግ ከዘመናቸው መኳንንት ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ነበሩ። በአራዳ ያሠሩት እቴጌ ሆቴል በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል እንደሆነ ይታወቃል። በኢየሩሳሌም ያሠሩት ቤት ደግሞ ኪራዩ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት መተዳደሪያ እንዲውል የታሰበ ነበር። የፒያሳው ሆቴል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈና እየታደሰ በስማቸው ይጠራል።

ትውልድና ወጣትነት

የጣይቱ የልደት ዓመት በተለያዩ ጸሐፊዎች በተለያየ መንገድ ተመዝግቧል። አንዳንዶቹ 1832 ዓ.ም. ሲሉ ሌሎች ወደ 1840ዎቹ ያመጡታል። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን ገዥዎች ቤተሰብ የተወለዱ ሲሆን፣ የትግሬና የሰሜን ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ወንድማቸው ወሌ ብጡል በኋላ ራስ ተብለው የየጁ ገዥ ሆነዋል።

ቤተሰቡ በዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከሥልጣን ወርዶ ብዙ ችግር አይቷል። ጣይቱ በልጅነታቸው ንባብና ጽሕፈት የተማሩ ሲሆን፣ በዘመኑ ለሴቶች ያልተለመደ የግእዝ ትምህርትም ነበራቸው። በገና እንደሚደረድሩና ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ የጻፉላቸው አሉ። ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ጋብቻዎች የነበሯቸው ሲሆን፣ በአፄ ቴዎድሮስና በአፄ ዮሐንስ ዘመን የነበረውን የመኳንንት ውጣ ውረድ በቅርብ አይተዋል። በዚያ ዘመን አንድ መኰንን ሲሻር ሹመቱን ብቻ ሳይሆን ግቢውንና ርስቱንም ያጣ ነበር። ይህን በቤተሰባቸው ያዩት ጣይቱ በኋላ በሥልጣን ዘመናቸው ለመሬትና ለቤት ትልቅ ትኩረት ሰጥተዋል።

ጋብቻና ዘውድ

ጣይቱ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ጋብቻው በቁርባን የተፈጸመ በመሆኑ በዘመኑ ልማድ የማይፈርስ ነበር። ሸዋን ከሰሜኑ መሳፍንት ጋር ያቆራኘ በመሆኑም የፖለቲካ ክብደት ነበረው። ከምኒልክ ጋር ልጅ አልወለዱም።

አፄ ዮሐንስ በመተማ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በማኅተማቸው ላይ የተቀረጸው መጠሪያቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሹመትና ሽረት፣ በውጭ ግንኙነትና በቤተ መንግሥቱ አስተዳደር ላይ ቃላቸው የሚሰማ ሆነ።

የአዲስ አበባ መቆርቆር

ምኒልክና ጣይቱ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርገው ነበር። እንጦጦ ለመከላከያ የሚመች ከፍታ ቢሆንም ብርዳማና ነፋሻ ነው፤ ማገዶና ውኃም በቀላሉ አይገኝበትም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች እየወረደ የፍልውኃን ሙቅ ምንጭ መጠቀም ሲያዘወትር፣ ጣይቱ በሜዳው ላይ ቤት የሚሠሩበት ቦታ ጠየቁ፤ ምኒልክም ፈቀዱ። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው። በቦታው ያዩትን አበባ ምክንያት አድርገው አዲስ አበባ ብለው የሰየሙትም እሳቸው ናቸው።

በዚያው ዓመት ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው በጨለንቆ ሲዋጉ፣ የአዲሱን ሰፈር ሥራ የተከታተሉት ጣይቱ ነበሩ። መኳንንቱም በየተሰጣቸው ቦታ ግቢያቸውን አጠሩ። እያንዳንዱ መኰንን ወታደሮቹንና አገልጋዮቹን በዙሪያው ስለሚያሰፍር ከተማው በሰፈር በሰፈር ተከፋፈለ። ዛሬም የሚጠሩት የደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ቆመ፤ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎችም በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ። በኋላ ፒያሳ የተባለው የንግድ ማዕከል የበቀለው ከዚህ ገበያ ነው።

ከተማው ግን ለብዙ ጊዜ ቋሚነቱ አልተረጋገጠም ነበር። ከዚያ በፊት የነገሥታት መቀመጫ ማገዶ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ የሚነሣ ነበርና፣ በአዲስ አበባም እንጨት ሲመናመን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማውን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣው የባሕር ዛፍ ተክል ነው። ሌላው የውጭ ሌጋሲዮኖች፣ ነጋዴዎችና መኳንንት በብዙ ወጪ ያሠሯቸው ቤቶች ነበሩ። ድንኳንና የሣር ጎጆ ተትቶ ይኬዳል፤ በድንጋይና በቆርቆሮ የተሠራ፣ ተከራይም የገባበት ቤት ግን ጥሎ ለመሄድ ያስቸግራል።

የውጫሌ ውልና የዓድዋ ዘመቻ

በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በኢጣልያንኛው ትርጉም ኢትዮጵያን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር የሚያደርግ ሆኖ ሲገኝ፣ ጣይቱ በጽኑ ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ነበሩ። ለማግባባት ከመጣው ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ንግግር አቋማቸውን አልለወጡም።

ጦርነቱ ሲጀመር የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ከምኒልክ ጋር ዘመቱ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውኃ እንዲከለከል የተሰጠው ሐሳብ የእሳቸው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ውኃው ሲቆም ምሽጉ ያለ ብዙ ደም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነትም በቦታው ነበሩ፤ ቁስለኛ በማስነሣትና ለተዋጊው ውኃ በማቅረብ ሴቶችን አሰማርተዋል።

ከድሉ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት በአዲስ አበባ ቋሚ ወኪሎች አስቀመጡ። መልእክተኞች፣ ነጋዴዎች፣ መሐንዲሶችና ጋዜጠኞች ሲበዙ ከተማው እንግዳ የሚያርፍበትና ባለሙያ የሚከራየው ቤት አስፈለገው። የጣይቱ የቤት ሥራዎች ከዚህ ፍላጎት ጋር የተያያዙ ናቸው።

የዘመኑ ቤቶችና ጥገናቸው

በአዲስ አበባ መጀመሪያ የነበሩት ቤቶች በአብዛኛው ክብ ሆነው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የተሠሩ ነበሩ። ግድግዳው በማገር ተማግሮ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ጣራው በሣር ይከደናል። እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት ርካሽ ነው፤ ለማቆየት ግን የማያቋርጥ ሥራ ይጠይቃል። የግድግዳው እግር በዝናብ ስለሚሸረሸር በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት መመረግ አለበት። የሣር ክዳኑ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። መሬት ውስጥ የተተከለውን እንጨት ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። በምድጃ እሳት የሚነሣ ቃጠሎም ሌላው ሥጋት ነበር።

ከ1890ዎቹ ጀምሮ የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች አዲስ አሠራር አስፋፉ። መሠረቱና ምድር ቤቱ በድንጋይ ይገነባል፤ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ ይሠራል፤ በዙሪያው የእንጨት በረንዳ ይወጣለታል፤ ጣራው በቆርቆሮ ይከደናል። ቆርቆሮው ከጅቡቲ የሚመጣ ነበር። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በመካከሉ ያለውን መንገድ ዕቃው በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር።

የቆርቆሮ ጣራ የሣርን ያህል ቶሎ አይበሰብስም፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። የሚስማሩ ቀዳዳ እየሰፋ ያፈሳል። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውኃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ጥቂት ሆኖ የጀመረ ፍሳሽ ሳይታይ ከቆየ የፎቁን ወለል የተሸከመውን እንጨት ያበሰብሳል። የአራዳ አሮጌ ቤቶች ዕድሜ የሚወሰነው በዋናነት ጣራቸው በየክረምቱ በመጠበቁ ነው፤ ጣራው ደረቅ ሆኖ የቆየለት የጭቃ ግድግዳ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆም ታይቷል።

በቦታ ይዞታም በኩል ለውጥ መጣ። መጀመሪያ የከተማ ቦታ በንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ የሚያዝና በፈቃዳቸው የሚወሰድ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦታን በወረቀት አስመዝግቦ በባለቤትነት ለመያዝ፣ ለመሸጥና ለማውረስ የሚያስችል ደንብ ወጣ። ባለቤትነቱ የተረጋገጠለት ሰው ገንዘቡን በግንብ ላይ ለማዋል ደፈረ፤ ቤት ሠርቶ ማከራየትም ለመኳንንቱና ለነጋዴዎቹ የገቢ መንገድ ሆነ።

የኢየሩሳሌም ቤት

ጣይቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ካሠሯቸው ቤቶች አንዱ በኢየሩሳሌም ይገኛል። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ የተጀመረውና በምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ከጥንቱ ከተማ ቅጥር ውጭ ሲሠራ፣ በዙሪያው የኢትዮጵያ መኳንንትና ወይዛዝርት ቦታ እየገዙ ቤት አሠሩ። የቤቶቹ ዓላማ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ለተሳላሚዎች ማረፊያ መሆን ነው። ሁለተኛው ለሌሎች ተከራይተው ገቢያቸው ለመነኮሳቱ ቀለብና ለቤተ ክርስቲያኑ ወጪ እንዲውል ነው። የጣይቱም ቤት ለዚሁ የታሰበ ነበር። በኋላ እቴጌነቱን ሳይሆን ንግሥትነቱን የያዙት ዘውዲቱ ምኒልክም በ1910ዎቹ መጨረሻ በነቢያት ጎዳና ላይ በተመሳሳይ ሐሳብ ትልቅ ሕንፃ አሠርተዋል።

ይህ አካሄድ ከኢትዮጵያ በየጊዜው የሚላከው ገንዘብ የሚቋረጥ በመሆኑ የመጣ ነው። በጦርነትና በረኃብ ዘመን መነኮሳቱ ያለ ረዳት ይቀሩ ነበር። በቦታው ያለ የኪራይ ቤት ግን በአገር ቤት የሚሆነውን ሳይጠብቅ በየዓመቱ ገቢ ይሰጣል። ገቢው እንዲቀጥል ደግሞ ቤቱ መጠገን አለበት፤ ስለዚህ ከኪራዩ ላይ ለእድሳት የሚቀመጥ ድርሻ ያስፈልጋል።

ጥገና በኢየሩሳሌም ከገቢም በላይ ትርጉም ነበረው። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በሚገኘው በዴር ሡልጣን ገዳም ኢትዮጵያውያንና ግብጻውያን ኮፕቶች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። በ1830 ዓ.ም. በደረሰው ወረርሽኝ ብዙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካለቁ በኋላ ኢትዮጵያውያኑ በይዞታቸው ላይ የነበራቸው አቅም ተዳከመ። በቅዱሳት መካናት በሚሠራበት ልማድ ጣራን ወይም ወለልን የመጠገን መብት የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ አንዱ ወገን ሌላው እንዳይጠግን ይከለክላል፤ የመነኮሳቱም ጎጆዎች ለመፍረስ ተቃርበው ለዓመታት ይቆያሉ። በምኒልክና በጣይቱ ዘመን ጉዳዩ በመልእክተኞች ለዑስማን መንግሥት ቀርቦ ነበር። የገዳሙ መተላለፊያ ቁልፍ ወደ ኢትዮጵያውያኑ እጅ የተመለሰው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም በገዳሙ ውስጥ የተደረገ እድሳት በኮፕት መነኮሳት ዘንድ ተቃውሞ አስነሥቷል። ከቅጥሩ ውጭ በግዢ የተገኙት እንደ ጣይቱ ያሉ ቤቶች ግን ከዚህ ዓይነት ክርክር ነፃ ስለነበሩ፣ ያለ ማንም ፈቃድ የሚጠገኑና የሚከራዩ ሆነዋል።

እቴጌ ሆቴል

የእቴጌ ሆቴል የምሥረታ ዓመት ተብሎ የሚጠቀሰው 1898 ዓ.ም. ሲሆን፣ በይፋ ሥራ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው። የተሠራው ከአራዳ ገበያ አጠገብ ነው። ሕንፃው በዘመኑ አዲስ በነበረው የድንጋይና የእንጨት አሠራር የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ ሰፊ የእንጨት ደረጃና በረንዳ አለው።

ሆቴል የሚለው አሳብ ራሱ ለከተማው እንግዳ ነበር። በቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለ ክፍያ ይበላና ይጠጣ ነበር። መንገደኛም የእግዜር እንግዳ ተብሎ በየቤቱ ያድራል፤ የውጭ አገር መልእክተኛ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ማረፊያና ድርጎ ይሰጠዋል። በዚህ ልማድ ለሚበሉትና ለሚያድሩበት ገንዘብ መክፈል እንደ ነውር ይታይ ነበር። ስለ ሆቴሉ መከፈት በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተመጋቢ በመጥፋቱ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉና ሒሳቡን ከፈሉ። ከዚያም መኳንንቱ እየተጋበዙና እየተገባበዙ መክፈሉን ለመዱት ይባላል።

ጣይቱ በቤተ መንግሥቱ ማድ ቤትና ጠጅ ቤት የነበራቸውን ልምድ ወደ ሆቴሉ አምጥተዋል። ይሁን እንጂ የሆቴል ሥራ ከግብር ቤት የተለየ ሒሳብ ነበረው። ለእያንዳንዱ አልጋና ማዕድ ዋጋ ይወጣለታል፤ ከገቢው ላይ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የአንሶላውና የዕቃው ምትክ፣ የጣራውና የወለሉ ጥገና ይከፈላል። ግብር ቤት በአገር ግብር ይደገፋል፤ ሆቴሉ ግን ራሱን መቻል ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ሥራው ለውጭ ዜጎች፣ በተለይም ለግሪኮች፣ በኪራይ የተላለፈ ሲሆን፣ በውጭ ጎብኚዎች ዘንድ ኢምፔሪያል ሆቴል በሚል ስም ይታወቅ ነበር። በዚህ አሠራር ሕንፃው የባለቤቱ ሆኖ ሥራው የተከራዩ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ የንግድ ቤት ኪራይ በኋላ በስፋት የተከተለውም ይህንኑ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ በሕመም መዳከም ጀመሩ፤ በኋላ የደረሰባቸው ሕመም ደግሞ ከሥራ አገዳቸው። ጣይቱ በዚህ ጊዜ አብዛኛውን የመንግሥት ጉዳይ በእጃቸው አደረጉ። ለሰሜኑ ዘመዶቻቸው የሚሰጡት ሹመት ግን የሸዋን መኳንንት አስቆጣ። ወንድማቸው ራስ ወሌ የየጁ ገዥ፣ የወንድማቸው ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ የምኒልክ ልጅ የዘውዲቱ ባል ነበሩ። የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ደጋፊዎች ዙፋኑ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ሠጉ።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንትና የቤተ መንግሥቱ ጦር ተስማምተው ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉና የታመሙትን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። እንደራሴ ራስ ተሰማ ናደው ሥልጣኑን ያዙ። ጣይቱ ለሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል በዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ሥልጣን ኖሩ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲሄዱ ተደረገ። ዛሬ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው ወደዚሁ ተራራ ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ብርዱን ሸሽተው ወደ ፍልውኃ ለመውረድ ቦታ የጠየቁት እቴጌ፣ ያሠሩትን ከተማ ከሥራቸው እያዩ በተተወው መቀመጫ ቀሩ። በከተማው ብዙ ሰው ቤት የሠራበትን ቦታ ያገኘው በእሳቸውና በባላቸው እጅ ነበር። እሳቸው ግን የሚኖሩበትን ቤት የመምረጥ መብት አልነበራቸውም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ የጣይቱ ሁኔታ በመጠኑ ተሻሻለ፤ ሆኖም ወደ ሥልጣን አልተመለሱም። ወደ ጎንደር ለመሄድ ጠይቀው እንዳልተፈቀደላቸው ይነገራል። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አርፈው በዚያው ተቀበሩ። በኋላ አፅማቸው ዘውዲቱ ለአባታቸው ባሠሩት በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከምኒልክ አጠገብ አርፏል።

ሆቴሉና የአራዳ ኪራይ ቤቶች ከጣይቱ በኋላ

ከጣይቱ ሞት በኋላ አራዳ የከተማው ዋና የንግድና የኪራይ ሰፈር ሆኖ ቀጠለ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ ከአሮጌው ገበያ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ፒያሳ በሚለው ስም ጸና። ከነፃነት በኋላም የሰፈሩ ቤቶች በአብዛኛው በኪራይ የሚተዳደሩ ነበሩ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአከራይና በተከራይ መካከል ያለውን ግዴታ ለየ። አከራዩ ቤቱን ለተባለለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ አስረክቦ በዚያው ሁኔታ ማቆየት አለበት፤ ትላልቅ እድሳቶችም የእሱ ናቸው። ተከራዩ በአጠቃቀም የሚመጡትን ጥቃቅን ጥገናዎች ይችላል። ይህ ክፍፍል የሚሠራው ግን ኪራዩ የእድሳቱን ወጪ የሚሸፍን ሲሆን ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኋላ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ለተባለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራዩ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ይህ ለብዙ ድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ቤት አልባ ከመሆንም ጠብቆታል። በሌላ በኩል ኪራዩ ለዓመታት ሳይጨምር በመቅረቱ ቀበሌው ጣራ ለመቀየር የሚበቃ ገቢ አልነበረውም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ፣ ያውም ፈቃድ ጠይቆ፣ ገንዘብ ማፍሰስ አልፈለገም። ባለቤቱ መጠገን ባልቻለበት፣ ነዋሪውም ባልተፈቀደለት ሁኔታ የአራዳ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች በዝግታ አረጁ። ለትላልቆቹ ቤቶች የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይባላል።

እቴጌ ሆቴልም በዚህ ሂደት ውስጥ ከመንግሥት ይዞታነት አልፎ በኋላ ወደ ግል ተዛወረ። ከሰፈሩ ቤቶች የተሻለ ዕድል ያገኘው በሥራ ላይ በመቆየቱ ነው። በየቀኑ እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት የሚያፈስ ጣራና የሚንቋቋ ወለል ሳይጠገንለት ሊቆይ አይችልምና ገቢውም እድሳቱም አብረው ሄደዋል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ የሆቴሉ ክፍል ተቃጥሏል። ከተቃጠለው ውስጥ በሙዚቃ ዝግጅቶቹ የታወቀው ጃዛምባ አዳራሽ ይገኝበታል። ደረቅ የእንጨት ወለል፣ ደረጃና ጣራ ባለው አሮጌ ቤት እሳት ቶሎ ስለሚስፋፋ አደጋው የሌሎቹንም የአራዳ ቅርሶች ተጋላጭነት ያሳየ ነበር። ሆቴሉ ከአደጋው በኋላ ወደ ሥራ ተመልሷል።

በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሱት መካከል በቀበሌ ኪራይ የሚተዳደሩት ብዙ ናቸው። ነዋሪዎቹ ለረጅም ዓመታት ተከራይተው ከኖሩበት ሰፈር ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል። የጣይቱ ሆቴል በቦታው ቆሟል።

መታሰቢያ

ጣይቱ በኢትዮጵያ ታሪክ በቆራጥነታቸው የሚጠሩ ሲሆን፣ በስማቸው ትምህርት ቤቶች፣ መንገዶችና የባህል ተቋማት ተሰይመዋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እሳቸው ያሠሩት ሆቴል በሚገኝበት ሰፈር የቆመ ነው። መቃብራቸው በበዓታ ለማርያም ገዳም በጎብኚዎችና በተማሪዎች ይጎበኛል። የኖሩበት የእንጦጦ ግቢ ቅሪትና በአጠገቡ ያለው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከስድስት ኪሎ በላይ በሚገኘው ተራራ ላይ ይታያሉ። የእንጦጦው ቤት በሣር ክዳንና በጭቃ ግድግዳ የተሠራ በመሆኑ እስከ ዛሬ ሊቆም የቻለው በተደጋጋሚ እየተመረገና እየተከደነ ነው።